ስቴፕስ፦ ለቦርደርላይን የስብዕና መታወክ የ20 ሳምንት የክህሎት ሥልጠና

ስቴፕስ ቦርደርላይን የተባለው፣ ስሜት ቶሎ የሚግልበትና የሚዋዥቅበት የስብዕና መታወክ ላለባቸው ሰዎች በቡድን የሚሰጥ ሥልጠና ነው። በአሜሪካ አዮዋ ዩኒቨርሲቲ ናንሲ ብሉም እና የአእምሮ ሐኪሙ ዶናልድ ብላክ ከባልደረቦቻቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ አዘጋጁት። 20 ሳምንት ይወስዳል፤ በሳምንት አንድ ጊዜ፣ ለ2 ሰዓት፣ በሁለት አሠልጣኞች ይመራል። ተሳታፊዎቹ የቤት ሥራቸውን ይዘው፣ ማስታወሻ እየጻፉ ስለሚቀመጡ የክፍል ትምህርት ይመስላል። ይህ ታስቦበት የተደረገ ነው። የአንዱ የቆየ ቁስል በዝርዝር ሲወራ የሌላውን ሊቀሰቅስ ስለሚችል፣ እንዲህ ያለው ጉዳይ ለግል ቴራፒስት ይተዋል። መድኃኒትም ሆነ የግል ቴራፒ አይቋረጥም፤ ስቴፕስ የሚጨመር እንጂ ነባሩን ሕክምና የሚተካ አይደለም።

ሥልጠናው የሚጀምረው ሕመሙን በማወቅ ነው። «ቦርደርላይን» የሚለውን ስም እንደ ስድብ የሚሰሙት ብዙዎች ስለሆኑ፣ በምትኩ «የስሜት ግለት መታወክ» የሚል አጠራር ይቀርባል። ለሰውየው የሚነገረው መጥፎ መሆኑ ሳይሆን ስሜቱ ቶሎ እንደሚግልና ማብረጃው በትምህርት የሚገኝ መሆኑ ነው። ይህ ብቻውን ከብዙዎች ትከሻ ላይ ሸክም ያወርዳል። ቀጥሎ «ማጣሪያ» ይመጣል፤ ከልጅነት ጀምሮ የተገነባና ነገሮችን ሁሉ የምናይበት ሥር የሰደደ እምነት ማለት ነው።

ዋናው መሣሪያ ከ1 እስከ 5 የሚቆጠር የግለት መለኪያ ሲሆን፣ ምድጃ ላይ በተጣደ ድስት ይመሰላል። 1 ላይ ውስጡ ያለው ገና አልሞቀም፤ 5 ላይ ገንፍሎ ይፈስሳል። አንዲት ሴት ለጓደኛዋ መልእክት ልካ ለሁለት ሰዓት መልስ አጣች እንበል። «ሁሉም ጥሎኝ ይሄዳል» የሚል ማጣሪያ ካላት፣ ዝምታው መተው ሆኖ ይታያታል፤ ደረቷ ይጨንቃታል፣ ደጋግማ ትደውላለች። መለኪያውን የለመደች ከሆነ ግን «አሁን 3 ላይ ነኝ» ብላ ትጽፋለች። ክህሎቱ የሚሠራው እዚህ ላይ ነው። 5 እስኪደርስ የጠበቀ ሰው ማሰብ ስለሚያቅተው የተማረው አይታወሰውም፤ «ሞከርኩት፣ አልሠራም» የሚሉ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ የሞከሩት ከገነፈለ በኋላ ነው።

ሁለተኛው ክፍል ስለ ስሜት ክህሎቶች ነው፤ እነርሱም አምስት ናቸው፦ ከስሜቱ ትንሽ ራቅ ብሎ ማየት፣ የሚሰማውን በቃል መናገር፣ ሐሳብን በማስረጃ መፈተን፣ ትኩረትን ወደ ሌላ ማዞር እና ችግሩን ራሱን መያዝ። በምሳሌያችን መፈተን ማለት «ከዚህ በፊት ዘግይቶ የመለሰበት ጊዜ ነበር?» ብሎ መጠየቅ ነው። ሦስተኛው ክፍል ስለ ባሕርይ ነው፤ ግብ ማውጣትን፣ እንቅልፍን፣ አመጋገብን፣ እንቅስቃሴን፣ ራስን ከመጉዳት መቆጠብንና ከሰዎች ጋር መግባባትን ያነሳል። እንቅልፍን እንደ ጥቃቅን ነገር የሚያልፉ ይሳሳታሉ፤ ያልተኛ ሰው ቀኑን ከፍ ካለ ግለት ይጀምራል።

በየስብሰባው መግቢያ ተሳታፊው ያለፈውን ሳምንት በ15 ጥያቄዎች ይመዝናል። ውጤቱ ከ12 እስከ 72 ሲሆን፣ ከፍ ባለ ቁጥር ሳምንቱ ከባድ ነበር ማለት ነው። ለውጡ በዝግታ ስለሚመጣ፣ ቁጥሩን በግራፍ ማየት «ምንም አልተሻለኝም» ለሚል ሰው ተጨባጭ መልስ ይሰጠዋል።

ስቴፕስን ከብዙ ሥልጠናዎች የሚለየው በዙሪያ ያሉትን ሰዎች ማስገባቱ ነው። ተሳታፊው ቤተሰብን፣ ጓደኛን ወይም የራሱን ሐኪም «አጠናካሪ ቡድን» አድርጎ ይመርጣል፤ እነርሱም ያንኑ ቋንቋ ይማራሉ። ያኔ ጠብ በሚነሳበት ሰዓት ምክርም ወቀሳም ሳያበዙ «ስንት ላይ ነህ? የትኛውን ክህሎት ሞከርክ?» ብለው መጠየቅ ይችላሉ። ቤተሰቡ ቋንቋውን ካላወቀ ተሳታፊው በክፍል የተማረው ቤት ሲገባ ይበተናል።

124 ሰዎች የተካተቱበትና እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመ ጥናት ስቴፕስ ከመደበኛ ሕክምና ጋር ሲሰጥ የስሜት መዋዠቅን፣ ግልፍተኝነትንና ድብርትን ከመደበኛው ሕክምና ብቻ በተሻለ እንደሚቀንስ አሳይቷል። ራስን በመጉዳትና ራስን ለማጥፋት በመሞከር ላይ ግን ልዩነት አልታየም። ስለዚህ አደጋ ላይ ያለ ሰው ከሐኪሙ ጋር የተዘጋጀ የደኅንነት ዕቅድ ያስፈልገዋል። አቋርጦ መውጣትም ብዙ ነው፤ ያመለጠው ትምህርት የሚቀጥለው መሠረት ስለሆነ፣ ጥቂት ሳምንት የቀረ ሰው ይጠፋበትና ይቀራል። 20ውን ሳምንት ለጨረሱ ስቴርዌይስ የሚባል፣ በወር ሁለት ጊዜ እየተገናኙ ለአንድ ዓመት የሚማሩት ተከታይ ሥልጠና አለ።