«ሌት» የሚለው የእንግሊዝኛ ግሥ መፍቀድ ነው ወይስ ማገድ?

ሁለቱንም ነው። በጥንታዊው እንግሊዝኛ ሁለት የተለያዩ ግሦች ነበሩ፦ «ላታን» መተው ወይም መፍቀድ፣ «ሌታን» ደግሞ ማዘግየት ወይም ማገድ። ድምፃቸው ውሎ አድሮ አንድ ሆነ። ማገዱ ከ«ሌይት» (የዘገየ) ጋር ይዛመዳል። ዛሬ በንግግር ጠፍቷል ማለት ይቻላል፤ በእንግሊዝ ፓስፖርት ላይ ግን «ዊዝአውት ሌት ኦር ሂንድራንስ» የሚል ሐረግ አለ። «ያለ አንዳች እገዳና መሰናክል» ማለት ነው እንጂ ስለ ፈቃድ አያወራም።

በዕለት ተዕለት ንግግር የሚያስፈልገን መፍቀዱ ነው። «ልሂድ» ስንል «ሌት ሚ ጎ»፣ «እንሂድ» ስንል «ሌትስ ጎ» ይሆናል። አብዛኞቻችን የምንሳሳተው «ሌት ሚ ቱ ጎ» ብለን ነው። «ቱ» የሚገባው ከ«አላው» (እሱም መፍቀድ ነው) ጋር ነው፦ «አላው ሚ ቱ ጎ»። ትርጉማቸው ስለሚቀራረብ ነው የሚያምታታው።

ኃላፊ ጊዜውም ያው «ሌት» ነው፤ «ሌትድ» የሚባል የለም። «ሂ ሌትስ ሚ ጎ» ይፈቅድልኛል፣ «ሂ ሌት ሚ ጎ» ፈቀደልኝ። ልዩነቱ «ስ» ብቻ ናት፣ በደንብ ይደመጥ።

እንደ አገሩ የሚለያየው የኪራይ ማስታወቂያ ነው፦ ለንደን ቤት ላይ «ቱ ሌት» (የሚከራይ) ተብሎ ይለጠፋል፣ አሜሪካ «ፎር ሬንት» ይላሉ።