ፊርማ የሌለው አሰምብላዥ ዋጋው እንዴት ይገመታል?

አሰምብላዥ ከተጣሉና ከየቦታው ከተለቀሙ ዕቃዎች ተገጣጥሞ የሚሠራ የጥበብ ሥራ ነው። የሰዓት ጥርስ፣ የአሻንጉሊት እጅ፣ የጋዜጣ ቁራጭ፣ ሽቦ፣ ቀለም፣ ሁሉም ይገባበታል። ፒካሶ እ.ኤ.አ. በ1942 የብስክሌት ኮርቻና መሪ አገናኝቶ የበሬ ራስ ሠርቷል (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። በ1961 የኒው ዮርኩ የዘመናዊ ጥበብ ሙዚየም ለዚህ ጥበብ ትልቅ ዐውደ ርዕይ አዘጋጀለት። በእኛ ሀገር ኤልያስ ስሜ ከአሮጌ የኮምፒዩተር ክፍሎችና ሽቦዎች በሚሠራቸው ሥራዎች በዓለም ታውቋል።

ችግሩ የሚመጣው የሠሪው ስም ሲጠፋ ነው። ሥዕል ለፊርማ የሚሆን ጥግ አለው፤ አሰምብላዥ ግን ብዙ ጊዜ የለውም። ሠሪው ስሙን በወረቀት ጽፎ ከጀርባ ለጥፎት ወረቀቱ ተልጦ ሊሆን ይችላል። ከዚያ ሥራው በውርስ ወይም ከአሮጌ ዕቃ መሸጫ እጃችን ይገባና “ስንት ያወጣል?” እንላለን።

ገማቹ መልሶ የሚጠይቀን “ግምቱ ለምን ተፈለገ?” ብሎ ነው። ለኢንሹራንስ ከሆነ፣ ሥራው ቢጠፋ ተመሳሳዩን ከገበያ ለመግዛት የሚያስፈልገው ገንዘብ ይሰላል። ለውርስ ግብር ወይም ለስጦታ ከሆነ ደግሞ ሻጭና ገዢ ሳይገደዱ የሚስማሙበት ዋጋ ይታያል፤ ይሄኛው አብዛኛውን ጊዜ ዝቅ ይላል። በአሜሪካ ለሙዚየም የተሰጠ ሥራ ከ5,000 ዶላር በላይ ነው ተብሎ የግብር ቅናሽ ከተጠየቀበት፣ ብቃት ያለው ገማች የጻፈው ሰነድ ያስፈልጋል። ክፍያው የሥራው ዋጋ መቶኛ እንዲሆን ከሚጠይቅ ገማች መራቅ ነው፤ የሙያው ደንብም ይከለክለዋል።

ቀጥሎ ሥራው ይገለበጣል። እኔን በጣም የሚማርከኝ ይሄ ክፍል ነው፤ ከፊቱ ይልቅ ጀርባው ብዙ ይናገራል። የፍሬም ቤት ማኅተም፣ የጋለሪ ቁጥር፣ በእርሳስ የተጻፈ ቀን ሊኖር ይችላል። ምንም ባይኖር እንኳ ዕቃዎቹ ራሳቸው ይመሰክራሉ። ጀርባው በባለ መስቀል ቪቴ ከታሰረ፣ ይህ ዓይነቱ ቪቴ ፋብሪካ የገባው በ1930ዎቹ አጋማሽ ስለሆነ ከዚያ በፊት አልተሠራም ማለት ነው። አክሪሊክ ቀለም ለሠዓሊዎች በሰፊው የቀረበው ከ1950ዎቹ ጀምሮ ነው። ከተለጠፉት የምግብ ካርቶኖች አንዱ ባርኮድ ካለው ደግሞ ከ1970ዎቹ በፊት አልተሠራም ማለት ነው፤ በሱፐርማርኬት ባርኮድ መነበብ የጀመረው በ1974 ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የመቶ ዓመት ቁልፍ ስላለበት ሥራው የመቶ ዓመት ነው ይላል። አሮጌ ቁልፍ ግን ትናንትም ሊለጠፍ ይችላል። ዕድሜውን የሚወስነው ከውስጡ በጣም አዲሱ ዕቃ ነው፤ እሱም ቢሆን በኋላ ለጥገና የገባ አለመሆኑ መታየት አለበት። በአልትራቫዮሌት መብራት ሲታይ የኋላ ሙጫና ቀለም ብዙ ጊዜ ከቀድሞው ለየት ብሎ ያበራል።

አደራ፣ ከግምቱ በፊት አትወልውሉት! ዝገቱም አቧራውም ሠሪው ሆን ብሎ የተወው ሊሆን ይችላል። የወደቀ ቁራጭ ካለም መልሶ ከመለጠፍ በፖስታ አድርጎ ማስቀመጥ ይሻላል።

ከዚያ የስም ፈተና አለ። ባለ መስታወት ሣጥን ያየ ሁሉ በእንዲህ ያለ ሣጥን የሚታወቀው የአሜሪካዊው ጆሴፍ ኮርኔል ሥራ ነው ይላል፤ ጥቁር የተቀባ እንጨት ያየ ደግሞ በእሱ የምትታወቀው የሉዊዝ ኔቭልሰን። ግን ገማች ዋጋ ይገምታል እንጂ የማን ሥራ እንደሆነ አያረጋግጥም። የሚያረጋግጡትም እየቀነሱ ነው፤ የታዋቂውን አሜሪካዊ ሠዓሊ የአንዲ ዋርሆልን ሥራዎች ይመረምር የነበረው ቦርድ ብዙ ገንዘብ ከፈጁ ክሶች በኋላ በ2012 ተዘግቷል። በጨረታ ዝርዝር ላይም “የእገሌ ነው ተብሎ የሚገመት” እና “በእገሌ ስልት የተሠራ” የሚሉት ሐረጎች መካከል ያለው የዋጋ ልዩነት ሰፊ ነው።

ስሙ የታወቀ ሥራም በገባበት ዕቃ ምክንያት ዋጋ ሊያጣ ይችላል። የአሜሪካዊው ሠዓሊ የሮበርት ራውሸንበርግ ሥራ በሆነው “ካንየን” (1959) ላይ ቆዳው ተሞልቶ የደረቀ የአሜሪካ ንስር አለ። ይህን ወፍ መሸጥ በአሜሪካ ሕግ ክልክል ነው። የሥራው ባለቤት የነበረችው የጥበብ ነጋዴ ኢሊያና ሶናቤንድ በ2007 ስታርፍ የወራሾቿ ገማቾች ዋጋው ዜሮ ነው አሉ። የግብር መሥሪያ ቤቱ ግን 65 ሚሊዮን ዶላር ብሎ ግብር ጠየቀ። ክርክሩ ያለቀው በ2012 ሥራው ለኒው ዮርኩ የዘመናዊ ጥበብ ሙዚየም ሲሰጥ ነው። ስለዚህ ላባ፣ የዝሆን ጥርስ ወይም የዔሊ ቅርፊት ካለበት ለገማቹ አስቀድሞ መንገር ግድ ነው።

ስም ፈጽሞ ባይገኝስ? በ1982 ፊላደልፊያ ውስጥ አንድ ሰው ለቆሻሻ መኪና ከወጡ ሣጥኖች ውስጥ 1,200 ገደማ ትናንሽ ሥራዎች አገኘ። ባትሪ፣ እስክሪብቶ፣ ሳንቲም፣ የጃንጥላ ቁራጭና የመነጽር ስባሪ በወፍራም ሽቦ ተጠምዝዘዋል። አንዳቸውም ፊርማ የላቸውም። ሠሪው እስከ ዛሬ አልታወቀም፤ “የፊላደልፊያው ሽቦ ሠሪ” እየተባለ ይጠራል። ሥራዎቹ ግን በጋለሪ ተሸጠዋል፣ ሙዚየምም ገብተዋል። ይህን ያስቻለው አብረው መገኘታቸው ይመስለኛል፤ የአንድ እጅ ሥራ መሆናቸው ጎን ለጎን ሲቀመጡ ይታያል። አንድ ብቻ ተነጥሎ ቢገኝ ኖሮ ማንም ልብ አይለውም ነበር። እንዲህ ያለ ሥራ ያገኘ ሰው ከዚያው ቤት ሌላ አብሮ የወጣ ካለ ይጠይቅ፣ ሳይበተኑ ፎቶ ያንሳቸው፣ የት፣ መቼና ከማን እንዳገኛቸውም ይጻፍ።