«ዘጠነኛ ወር ላይ ልጁ ዝም ይላል» እና ሌሎች የተሳሳቱ አመለካከቶች

ስለ ልጅ እንቅስቃሴ ነፍሰ ጡር የማትሰማው ነገር የለም። እናት፣ አክስት፣ ጎረቤት፣ ቲክቶክ፣ ሁሉም የየራሱን ይላል። አብዛኛው ወሬ ጉዳት የለውም። አንዳንዱ ግን ሰዓት ያስጠፋል።

«አራት ወር አልፎኛል፣ እስካሁን ምንም አልተሰማኝም። አንድ ነገር ሆኗል።»

ልጁ መንቀሳቀስ የሚጀምረው ገና በሁለተኛው ወር ገደማ ነው። በጣም ትንሽ ስለሆነ ግን አይታወቅሽም። አብዛኞቹ እናቶች የሚሰማቸው ከ16 እስከ 24 ሳምንት ባለው ጊዜ ነው። የመጀመሪያ ልጅ ከሆነ 20 ሳምንት ቢያልፍም የተለመደ ነው። ወልዳ የምታውቅ ቀድማ ትለየዋለች። መጀመሪያ ላይ እርግጫ አይመስልም፤ ስንቷ ናት «ጨጓራዬ ነው» ብላ ያለፈችው! እንግዴ ልጁ በማህፀኑ ፊት ለፊት በኩል ከተቀመጠም በመሃል እንደ ትራስ ስለሚሆን ስሜቱ ይዘገያል። 24 ሳምንት ሞልቶ ምንም ከሌለ ግን የቀጠሮሽን ቀን ሳትጠብቂ ታዪ።

«በቀኝ ከረገጠ ወንድ፣ በግራ ከረገጠ ሴት።»

ለቡና ላይ ጨዋታ ይሁን። የሚረግጥሽ እግሩ ባለበት በኩል ነው፤ ጭንቅላቱ ወደ ታች ከሆነ ጎድንሽ ስር ይሰማሻል። ስለ ጾታው የሚናገረው ነገር የለም።

«ብዙ የሚራገጥ ልጅ እትብቱ ተጠምጥሞበት ነው።»

የሚንቀሳቀስ ልጅ ባብዛኛው ደህና ልጅ ነው። እትብት አንገቱ ላይ ዞሮ የሚወለድ ሕፃን ብዙ ነው፣ አብዛኛውም በሰላም ይወለዳል። በእኩል ምት ቱክ ቱክ የሚል ነገር ከተሰማሽ ደግሞ ስርቅታ ነው፤ አያስፈራም። ከልማዱ ውጭ በድንገት ተንፈራፍሮ ከዚያ ጸጥ ካለ ግን ወደ ጤና ተቋም ሂጂ።

«በቀን 10 ጊዜ ከረገጠ በቃ፣ ደህና ነው።»

ይሄ 10 የሚባል ቁጥር ከአንድ የመቁጠሪያ ዘዴ የመጣ ነው፦ ጋደም ብለሽ ትቆጥሪያለሽ፣ በ2 ሰዓት ውስጥ 10 መሙላቱን ታያለሽ። ዛሬም ይህንን የሚመክሩ ሐኪሞች አሉ። ችግሩ ለሁሉም ልጅ የሚሠራ አንድ ቁጥር አለመኖሩ ነው። አንዱ ልጅ 10 ጊዜ ለመንቀሳቀስ ሩብ ሰዓት ይበቃዋል። ይህ ልጅ ዛሬ ሙሉውን 2 ሰዓት ከፈጀ ቁጥሩ ሞልቷል፣ ልማዱ ግን ተቀይሯል። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2016 ባወጣው የእርግዝና ክትትል መመሪያ ቆጠራውን ለሁሉም እናት የየዕለት ሥራ አላደረገውም። ያለው፣ በመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት እናቲቱ እንቅስቃሴውን ልብ ትበል፣ ከቀነሰም ታሳውቅ ነው።

ስለዚህ የልጅሽን ዓመል እወቂ። ሆድሽ ውስጥም ይተኛል፤ እንቅልፉ ብዙ ጊዜ ከ20 እስከ 40 ደቂቃ ነው፣ ከ90 ደቂቃ የሚያልፈው እምብዛም ነው። ቀን ስትሯሯጪ ላይሰማሽ ይችላል። ማታ እራት በልተሽ በጎንሽ ጋደም ስትዪ ግን ሥራውን ይጀምራል።

«ዘጠነኛ ወር ላይ ቦታ ስለሚጠበው ዝም ይላል።»

ከሁሉም የሚያስፈራኝ ይሄኛው ነው። ምክንያቱም እውነት ይመስላል። ልጁ አድጓል፣ ሆድ ጠቧል፣ ታዲያ እንዴት ይራገጥ? ደግሞ የሚናገሩት አምስት ስድስት የወለዱ፣ የሚከበሩ ሴቶች ናቸው። ማን ደፍሮ «አይ እማማ» ይላል?

እንቅስቃሴው እስከ 32 ሳምንት ገደማ እየጨመረ ይሄዳል፤ ከዚያ በኋላ በዚያው መጠን ይቀጥላል። የሚቀየረው ዓይነቱ ነው። ቶሎ ቶሎ የነበረው እርግጫ ወደ መገላበጥና መግፋት ይሄዳል፣ ሆድሽ ባንድ ጎን ጉብ ያለ ይመስላል። መጠኑ ግን መቀነስ የለበትም። ልጅ ምጥ እስኪመጣ፣ በምጥም ላይ ይንቀሳቀሳል። «ለመውለድ እየተዘጋጀ ነው» ተብሎ የሚታለፈው ጸጥታ በእንግዴ ልጁ በኩል የሚያገኘው ኦክስጅን አንሶት፣ ጉልበት እየቆጠበ ሊሆን ይችላል።

«ለስላሳ ጠጪበት፣ ይነቃል።»

ቀዝቃዛ ውሃ፣ ጣፋጭ፣ ለስላሳ... ችግር ላይ ያለን ልጅ እንደሚረዳ የታወቀ ነገር የለም። መጠጣቱ አይደለም ጉዳቱ፣ መጠበቁ ነው። ጠጥተሽ ትጠብቂያለሽ፣ «እስኪ ምሳ ልብላና» ትያለሽ፣ ይመሻል፣ «ነገ ጠዋት እሄዳለሁ» ይመጣል። 28 ሳምንት ካለፈሽና ከጠረጠርሽ በግራ ጎንሽ ተኚ፣ ስልኩን አስቀምጪ፣ ሐሳብሽን ሆድሽ ላይ አድርጊ። በ2 ሰዓት ውስጥ 10 ካልሞላ ሂጂ። ጭራሽ ካቆመ፣ ወይም ከልማዱ መቀነሱ እርግጥ ከሆነልሽ፣ ሁለቱን ሰዓትም አትጠብቂ። ሌሊትም ቢሆን።

«የልብ ምቱን ቤት ሰምቻለሁ።»

ዘመድ ከውጭ የሚልካት ትንሿ ዶፕለር (የልጁን የልብ ምት የምታሰማ መሣሪያ) አሁን አሁን በዝታለች። የምትሰሚው ግን የራስሽ የደም ሥር ምት ሊሆን ይችላል። የልጁ ልብ መደበኛ ምት በደቂቃ ከ110 እስከ 160 ነው፤ ስትደነግጪ ያንቺም እዚያው ይደርሳል። የልጁ ቢሆንም እንኳ ልቡ መምታቱ ብቻ ደህና ነው አያሰኝም። አዋላጅ ነርሷ በዚያች ቀንድ በምትመስል ማዳመጫ ስታዳምጥ የእጅሽንም ትርታ ይዛ ታመሳክራለች፤ ከዚያም ሁኔታሽን አይታ ወደ ሌላ ምርመራ ትልክሻለች።

«ባለፈው ሄጄ ደህና ነው ተባልኩ፣ ዛሬ ይስቁብኛል።»

እንዲያውም ደጋግሞ መቀነስ የበለጠ ክትትል የሚፈልግ ነገር ነው። ካርድ ክፍል ሰልፍ ካለ ዝም ብለሽ ተራ አትጠብቂ። መጀመሪያ ያገኘሽውን ባለሙያ ጠርተሽ በግልጽ ንገሪው፦ «ይህን ያህል ሳምንቴ ነው፣ ልጁ ከዚህ ሰዓት ጀምሮ እንቅስቃሴው ቀንሷል።»