ራይዘር ምንድን ነው? (17 ሴንቲ አይደለም)

ሰሞኑን ደግሞ አንዱ «የደረጃ ራይዘር 17 ነው፣ ስታንዳርድ ነው፣ ለአናጢው 17 በሉትና ጨርሱ» ብሎ ሲያስተምር አየሁ፣ ስሩ ያለው ሰው ሁሉ እናመሰግናለን ይለዋል። ወንድሜ 17 ከየት መጣ?

ራይዘር የአንዷ ደረጃ ቁመት ነው፣ እሱን ሁሉም ያውቃል። ችግሩ ቁመቱ እንደ ሴራሚክ ከሱቅ የሚመረጥ መምሰሉ ነው። ራይዘር ተካፍሎ የሚወጣ ነገር ነው። ከታችኛው ወለል እስከ ላይኛው ያለውን ከፍታ በሙሉ ቁጥር ታካፍላለህ፣ የወጣው ራይዘርህ ነው በቃ። ከፍታው 3 ሜትር ከ6 ሴንቲ ከሆነ ለ18 ሲካፈል እውነትም 17 ይመጣል። 3 ሜትር ከ20 ከሆነስ? 17 17 እያልክ ከወጣህ 14 ሴንቲ ይተርፍሃል፣ እሷ የመጨረሻዋ ደረጃ ትሆናለች፣ እንግዳ በመጣ ቁጥር እሷ ጋ ይደናቀፋል ቤተሰቡም «እኔን!» ይላል። ለ19 ብታካፍለው ግን ሁሉም 16.8 ገደማ ሆነው ማንም ልብ አይልም።

እግር ማለት ሰርግ ቤት እንደሚያጨበጭብ ሰው ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ደረጃዎች ላይ ምቱን ይይዛል፣ ከዛ ዓይን ወደ ስልኩ ይሄዳል እግር ብቻውን ያጨበጭባል። መሃል ላይ አንዷ ምት ከሳተች ዘፈኑ ተበተነ። ላንዲንግ (መሃል ላይ ያለችው ሰፊ ማረፊያ) ዘፋኙ ትንፋሽ የሚስብበት ነው፣ ሃንድሬሉ (የእጅ መደገፊያው) ደግሞ ከበሮው በሉት፣ ምት የጠፋው ሰው እሱን ይይዛል (እሺ ከበሮ አይያዝም፣ ገብቷችኋል)።

የአሜሪካ የመኖሪያ ቤት ኮድ ራይዘሩን እስከ 19.6 ሴንቲ ይፈቅድልሃል፣ ከታች እስከ ላይ በትልቁና በትንሹ ራይዘር መሃል ያለው ልዩነት ግን ከ9.5 ሚሊ እንዲያልፍ አይፈቅድም። የሚያስጨንቃቸው እኩልነቱ ነው።

«ቦታ ጠበበኝ» ለምትሉ፣ የ3 ሜትር ከ20ው ደረጃ 19 ራይዘርና 18 ትሬድ (እግር የሚያርፍበት ጠፍጣፋው) አለው፣ የመጨረሻው ራይዘር የሚያወጣህ ላይኛው ወለል ላይ ስለሆነ፣ ትሬዱ 28 ከሆነ ቀጥ ያለ ደረጃ 5 ሜትር ከ4 ይበላል። በ18 ካካፈልክ ራይዘሩ 17.8 ይሆናል፣ 28 ሴንቲ አተረፍክ። ሁለት ራይዘርና አንድ ትሬድ ተደምረው 63 አካባቢ ከመጡ እግር አይከፋውም፣ ብሎንዴል የሚባል ፈረንሳዊ በ17ኛው ክፍለ ዘመን የጀመረው ስሌት ነው። ስፓይራልማ (ጠምዛዛው ደረጃ) ቦታ ያድናል፣ ግን አልጋና ፍሪጅ በየት እንደሚወጡ አስቀድማችሁ አስቡ።

ደግሞ ልኬቱ ከሊሾና ከሴራሚክ በኋላ ባለው ወለል ነው! እኔ ጀማሪ ሆኜ ከሶሌታ ሶሌታ (ከባዶው ኮንክሪት ወለል እስከ ላይኛው) ለክቼ እኩል 17 17 አድርጌ አካፈልኩ፣ ከዛ ወለሎቹ ላይ 6 ሴንቲ ተነጠፈ ደረጃው ላይ የ3 ሴንቲ እምነበረድ፣ የመጀመሪያዋ 14 ሆነች የመጨረሻዋ 20። የቤቱ እመቤት እስከዛሬ ስሄድ «ልጄ እቺን ደረጃ ጠንቀቅ በል» ይሉኛል፣ ለእኔ ለሰራኋት።