የመኪና ፊውዝ ምንድን ነው? ከባትሪው ጋርስ ምን አገናኘው?

ልጅ ሆኜ ብርጭቆ ከእጄ ወድቆ ሲሰበር እናቴ አትቆጣም ነበር። «ጦስህን ይዞ ይሂድ!» ትልና ስብርባሪውን ትጠርጋለች። በእኔ ላይ ሊመጣ የነበረው ክፉ ነገር በብርጭቆው አለፈ ማለቷ ነው። ሰው ስለ ፊውዝ ሲጠይቀኝ ሁልጊዜ ትዝ የሚለኝ ይሄ ነው። ፊውዝ የመኪናውን ጦስ ይዞ እንዲሄድ ታስቦ የተሠራ ዕቃ ነው። ሌላው እንዲተርፍ እሱ ይቃጠላል።

ነገሩን ከባትሪው እንጀምር። ፊውዝ ያስፈለገው በባትሪው ምክንያት ነውና። ብዙ ሰው 12 ቮልት ሲባል «ይሄማ ምን ያደርጋል?» ይላል። እውነት ነው፣ የባትሪውን ሁለት ራሶች በደረቅ እጅ ብትነኩ አይነዝራችሁም። ጉልበቱ ያለው ሌላ ቦታ ነው፤ በአምፔሩ፣ ማለትም በሽቦው በሚያልፈው የኤሌክትሪክ ብዛት። ሞተሪኖው ሞተሩን ለማዞር በአንድ ጊዜ ከ100 አምፔር በላይ ይስባል። ባትሪውም ሳያመነታ ይሰጠዋል። አሁን ከዚሁ ባትሪ ተነስቶ ወደ ውስጥ መብራት የሚሄደውን ሽቦ አስቡት። ውፍረቱ ከፓስታ አይበልጥም። ላስቲኩ ተልጦ መዳቡ የመኪናውን አካል ቢነካ ባትሪው ያን ሁሉ ጉልበት በዚያ ቀጭን ሽቦ ይለቅበታል። ሽቦው በሰከንዶች ይግላል። ላስቲኩ ይቀልጣል። አብረውት የታሰሩትን ሽቦዎችም ያቀልጣል። «ሾርት አደረገ» የምንለው ይሄንን ነው።

ስለዚህ በባትሪውና በሽቦው መካከል ሆን ተብሎ ከሁሉም የደከመ አንድ ቦታ ይሠራል። ያ ቦታ ፊውዙ ነው። ዛሬ የምናውቀው ባለ ሁለት እግር ባለ ቀለም ፕላስቲክ ውስጡ ቀጭን የዚንክ ክር አለው። ከልኩ ያለፈ ኤሌክትሪክ ሲመጣ ክሩ ይቀልጥና መንገዱን ይቆርጣል። የልኩ ሁለት እጥፍ ሲያልፍበት በ5 ሰከንድ ውስጥ ይበጠሳል። ሾርት ሲሆንማ ዓይን እስኪርገበገብ እንኳ አይቆይም።

የድሮ ቮልስ የነዳ ሰው ሌላ ዓይነት ፊውዝ ያስታውሳል። ጥይት የመሰለ፣ ከሸክላ የተሠራ፣ በጎኑ ላይ ቀጭን ብረት የተዘረጋበት። ነጩ 8 አምፔር፣ ቀዩ 16 ነበር። ጫፎቹ ዝገት ስለሚይዛቸው አንዳንዴ ፊውዙ ደህና ሆኖ መብራቱ ይጠፋል። ያኔ በጣት ዞር ዞር ሲያደርጉት ተመልሶ ይበራል። የአሁኑን ባለ ሁለት እግር ፊውዝ ሊትልፊውዝ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1976 አወጣው። ከዚያ በኋላ ዓለም ሁሉ ወደዚያው ገባ።

አሁን ወደሚያንገበግበኝ ነገር ልምጣ። ያገለገለ ኮሮላ ነበረኝ። የዝናብ መጥረጊያው ፊውዝ እየተቃጠለ አስቸገረኝና አንድ ጋራዥ ወሰድኩት። ልጁ በአምስት ደቂቃ ጨርሶ «በቃ፣ ከእንግዲህ አያስቸግርህም» አለኝ። እውነትም ለሁለት ወር አላስቸገረኝም። ሐምሌ ላይ፣ ዶፍ እየወረደ፣ ከጣፎ ወደ መገናኛ ስመጣ የሚቃጠል ፕላስቲክ ሸተተኝ። ወዲያው ከመሪው ስር ጭስ ወጣ። ልጄ ከኋላ ተቀምጣ ነበር። መኪናውን ዳር አስይዤ፣ እሷን አውርጄ፣ ኮፈኑን ከፍቼ የባትሪውን ማሰሪያ እስክነቅል እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። በኋላ ሲከፈት በፊውዙ ቦታ የታጠፈ የመዳብ ሽቦ ተገኘ። ዚንክ በ420 ዲግሪ ገደማ ይቀልጣል። መዳብ ግን 1085 ዲግሪ ይፈልጋል። ያ ሽቦ ከመበጠሱ በፊት የመኪናው ሽቦ ሁሉ ተያይዞ ያልቅ ነበር።

መጀመሪያ የነበረው ችግር ምን መሰላችሁ? የመጥረጊያው መዘውር ቅባቱ ደርቆ ሞተሩ እየታገለ ነበር። ትንሽ ግሪስ ይበቃው ነበር። ፊውዙ «እዚህ ጋ አንድ ነገር አለ» እያለ ሲጮህ እኛ አፉን አፈንነው።

ስለዚህ በፊውዝ ቦታ ሽቦ አይገባም። የሲጋራ ፓኮ ውስጥ ያለው ብርማ ወረቀትም አይገባም። ከፍ ያለ አምፔር ያለው ፊውዝም እንዲሁ። «10ሩ ቶሎ ቶሎ ይቃጠላል፣ 20 አድርግበት» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ቁልፋችሁን ተቀብላችሁ ሂዱ። የፊውዙ ልክ የተመረጠው ሽቦው ሊሸከም በሚችለው መጠን ነው። ፊውዙን ስታሳድጉት ሽቦው አብሮ አይወፍርም።

ልኩን ለማወቅ መሐንዲስ መሆን አያስፈልግም። ቁጥሩ አናቱ ላይ ተጽፏል፣ ቀለሙም ይናገራል። ቡኒው 7.5 ነው፣ ቀዩ 10፣ ሰማያዊው 15፣ ቢጫው 20፣ ነጣ ብሎ ብርሃን የሚያሳልፈው 25፣ አረንጓዴው 30። ሒሳቡን ማየት ለሚፈልግ ደግሞ ዋትን በቮልት ማካፈል ነው። 55 ዋት የሆነ የፊት አምፖል ለ12 ሲካፈል 4.6 አምፔር ገደማ ይመጣል። ሁለቱ አምፖሎች በአንድ የ15 ፊውዝ በሚያልፉበት መኪና ላይ «ብርሃኑ ይጨምር» ተብሎ 100 ዋት አምፖሎች ሲገቡ ግን ነገሩ ከ16 አምፔር በላይ ይሆናል። ያኔ ፊውዙ ቢቃጠል ጥፋቱ የእሱ አይደለም።

መቀየሩ ራሱ የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው። ቁልፉን አጥፉ። ያልሠራውን ዕቃ ማብሪያም አጥፉ። አብዛኛው መኪና ሁለት የፊውዝ ሳጥን አለው። አንዱ ከመሪው ስር ወይም ከዳሽቦርዱ ጎን ነው፣ ሌላው ኮፈኑ ስር፣ ባትሪው አካባቢ። መሪው ከቀኝ ወደ ግራ የዞረ መኪና ከሆነ በሁለቱም ወገን ፈልጉ። የሳጥኑ ክዳን ላይ የየትኛው ፊውዝ የምን እንደሆነ በእንግሊዝኛ አሕጽሮት ተጽፏል። «ሆርን» ክላክስ ነው፣ «ስቶፕ» የፍሬን መብራት፣ «ዶም» የውስጥ መብራት፣ «ሲአይጂ» የሲጋራ መለኮሻው። ብዙ ጊዜ ሳጥኑ ውስጥ ትንሽ ፕላስቲክ መቆንጠጫ አለች። በእሷ ይዛችሁ ቀጥ አድርጋችሁ ሳቡት። ወደ ብርሃን አዙሩና ክሩን እዩ። ተበጥሶ ወይም ጠቁሮ ከሆነ አገኛችሁት። ቴስተር (የኤሌክትሪክ መለኪያ) ካላችሁ ጭራሽ መንቀልም አያስፈልግም። ቁልፉን አብርታችሁ የፊውዙ አናት ላይ ያሉትን ሁለት ትንንሽ ብረቶች በየተራ ለኩ። በአንደኛው 12 ቮልት ኖሮ በሌላኛው ከሌለ ተቃጥሏል።

አዲሱን በዚያው ልክ አስገቡና ሞክሩት። ፊውዝ በዕድሜ ብዛት ብቻ ሊበጠስ ይችላል፣ ስለዚህ አንዴ መቀየር ምንም አይደል። ሁለተኛው ወዲያው ከተቃጠለ ግን ሦስተኛ አታባክኑ። የተላጠ ሽቦ፣ ውሃ የገባበት መብራት፣ የተጣበቀ ሞተር፣ ወይም ሲጋራ መለኮሻው ውስጥ የወደቀ ሳንቲም ይኖራል። የሳንቲሙን ነገር ቀላል አታድርጉት። የስልክ ቻርጀር የሚሰካበት ቀዳዳ ነውና ብዙ ጊዜ አይቻለሁ።

አንድ የመንገድ ዘዴ ልጨምር። ማታ፣ ከከተማ ውጭ፣ የፊት መብራቱ ቢጠፋና መለዋወጫ ፊውዝ ባይኖራችሁ፣ ከቴፑ ወይም ከሲጋራ መለኮሻው ተመሳሳይ ቁጥር ያለው ነቅላችሁ አስገቡ። ያለ ሙዚቃ ቤት መግባት ይቻላል።

ወደ ባትሪው ስንመለስ፣ ፊውዝ የሚጠብቀን ከባትሪው ጉልበት ነው ብለናል። ይህ ጉልበት ሲደክም ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። ጠዋት ቁልፉን ስታዞሩ «ጠቅ ጠቅ» ብቻ ሲል ማለት ነው። ብዙ ሰው ይሄኔ ሮጦ አዲስ ባትሪ ይገዛል። እኔ ግን መጀመሪያ ለኩ እላለሁ። መኪናው አድሮ፣ ሞተሩ ሳይነሳ፣ ቴስተሩ 12.6 ካሳየ ባትሪው ሙሉ ነው። ውስጡ ስድስት ክፍል አለው፣ እያንዳንዱ 2.1 ቮልት ይሰጣል። 12.2 ማለት ግማሽ ነው። ከ12 በታች ማለት ተራቁቷል። አሁን ሞተሩን አስነስታችሁ ድጋሚ ለኩ። ሞተሩ ሲሠራ ባትሪውን የሚሞላው ዲናሞ ደህና ከሆነ ከ13.8 እስከ 14.5 አካባቢ ታያላችሁ። እዚያው 12 ላይ ከቀረ የሚታከመው ዲናሞው ነው። አዲስ ባትሪ ብትገዙም በሁለት ቀን ታወርዱታላችሁ።

ሌላው ብዙ ጊዜ ባትሪ ተወንጅሎ የሚገኘው ጥፋተኛ በባትሪው ራሶች ላይ ያለው ነጭና አረንጓዴ ዱቄት ነው። ሰው ኮካ ያፈስበታል። ያጸዳል፣ ግን አሲድን በአሲድ ማጠብ ነው፣ ስኳሩም ይቀራል። ቤኪንግ ሶዳ በሞቀ ውሃ በጥብጣችሁ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ፈትጉት። ሶዳው አሲዱን ያበርደዋል። በውሃ አለቅልቁ፣ አድርቁ፣ ማሰሪያውን አጥብቁ፣ ከዚያ ቫዝሊን ቀቡት። ስትፈቱ ሁልጊዜ ኔጋቲቩን ቀድማችሁ፣ ስታስሩ ኔጋቲቩን መጨረሻ ላይ። ምክንያቱ ቀላል ነው። ኔጋቲቩ ታስሮ እያለ ፖዘቲቩን ስትፈቱ መፍቻው የመኪናውን ብረት ከነካ ያ ሁሉ አምፔር በእጃችሁ ባለው መፍቻ ያልፋል። በዚህኛው መንገድ ላይ የሚያድናችሁ ፊውዝ የለም።

ክዳኑ የሚከፈት ባትሪ ከሆነ ውሃውን እዩ። ውስጡ ያሉት ሳህኖች በውሃው መሸፈን አለባቸው። የሚጨመረው የተጣራ የባትሪ ውሃ ብቻ ነው። የቧንቧ ውሃ ማዕድን አለበት። አሲድም አትጨምሩ፣ የሚተነው ውሃው እንጂ አሲዱ አይደለም። ሲጋራ ደግሞ ወዲያ። ባትሪ ሲሞላ የሚያወጣው ጋዝ ሃይድሮጅን ነው፣ ይፈነዳል።

የአዲስ አበባ ብርድ ባትሪ ይገድላል የሚባለው ግማሽ እውነት ነው። ገዳዩ ሙቀት ነው። ብርድ የሚያደርገው የደከመውን ማጋለጥ ነው። ዱባይና ሪያድ ያሉ ዘመዶቻችን ባትሪ ቶሎ ቶሎ የሚቀይሩት ለዚህ ነው። እኛን የሚጎዳን ትራፊኩ ነው። አጭር መንገድ፣ ብዙ ቆሞ መጠበቅ፣ መብራትና ቴፕ በርቶ። ሞተሪኖው የወሰደውን ዲናሞው ሳይመልስ ቤት እንደርሳለን። በሳምንት አንዴ ከሰላሳ እስከ አርባ ደቂቃ ወጣ ብሎ መንዳት ይጠቅማል። መብራት ረስቶ ማደርም አለ። 35 አምፔር-ሰዓት (አንድ አምፔር እየሰጠ 35 ሰዓት የሚቆይ ማለት ነው) የሚይዝ የቪትዝ ባትሪ ላይ የፊት መብራቱ ወደ 10 አምፔር ሲበላ ሦስት ሰዓት ተኩል ይበቃዋል። መኪና ቆሞም ቢሆን ለሰዓቱና ለማንቂያው ትንሽ ይበላል። 0.05 አምፔር እንኳ ቢሆን በአንድ ወር ያን ባትሪ ይጨርሰዋል። ለረጅም ጊዜ የምትሄዱ ከሆነ ኔጋቲቩን ፈትታችሁ ሂዱ።

በሌላ መኪና ስታስነሱ ቀይ ኬብሉን ከደከመው ፖዘቲቭ ወደ ጤነኛው ፖዘቲቭ። ከዚያ ጥቁሩን ከጤነኛው ኔጋቲቭ፣ ሌላ ጫፉን ግን ከባትሪው ራቅ ብሎ በደከመው መኪና ሞተር ላይ ባለ ባዶ ብረት። የመጨረሻው ንክኪ ብልጭታ ስላለው ከጋዙ ይራቅ ተብሎ ነው። ኬብሉ ከተገላበጠ ኮፈኑ ስር ያለው ትልቁ ዋና ፊውዝ ይቃጠላል። ዕድለኛ ከሆናችሁ እሱ ብቻ። ካልሆናችሁ ኤሌክትሪክን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፉት የዲናሞው ዳዮዶችና የመኪናው ኮምፒውተርም አብረው ይሄዳሉ።

እ.ኤ.አ. ከ2024 መጀመሪያ ወዲህ ኢትዮጵያ የነዳጅ የቤት መኪና ማስገባት ስለከለከለች አዲስ የሚገዛው ሰው ወደ ኤሌክትሪክ መኪና ዞሯል። «እፎይ፣ ከባትሪ ጣጣ ወጣሁ» ያለኝ ጎረቤቴ አለ። እነዚህ መኪኖችም ግን ከትልቁ ባትሪ ሌላ ትንሽ 12 ቮልት ባትሪ አላቸው። እሱ ከደከመ ትልቁ ባትሪ ሙሉ ሆኖም መኪናው አይበራም። ብርቱካናማ ቀለም ያላቸውን ወፍራም ኬብሎች በፍጹም አትንኩ፣ እነሱ የሰለጠነ ባለሙያ ይፈልጋሉ። ከመሪው ስር ያለው የፊውዝ ሳጥን ግን ያው የምናውቀው ነው። ቀዩ 10፣ ሰማያዊው 15፣ ቢጫው 20።