የመኝታ ሰዓት ተረትና ንባብ በሐረርና በድሬዳዋ

የመኝታ ሰዓት ንባብ አዋቂ ሰው ከልጅ አጠገብ ተቀምጦ ወይም ጋደም ብሎ፣ እንቅልፍ እስኪወስደው ድረስ መጽሐፍ ጮክ ብሎ የሚያነብበት የቤት ልማድ ነው። በሐረርና በድሬዳዋ መጽሐፉ ኋላ የመጣ እንግዳ ነው፤ ቤቱን አስቀድሞ የያዘው ተረት ነው። መጽሐፍ በገባባቸው ቤቶችም ቢሆን አነባበቡ የተቀዳው ከአያቶች አተራረክ ነው።

ተረት ዝም ብሎ አይጀመርም። በአማርኛ ተራቹ «ተረት ተረት» ሲል ልጆቹ «የላም በረት» ብለው ይቀበላሉ፤ ሲያልቅም «ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ» ይባላል። የሶማሊ እናት «ሼኮ ሼኮ» ስትል ልጆቿ «ሼኮ ሐሪር» ይሏታል፤ ሐሪር ሐር ነው። በኦሮምኛ ወሬው በ«ዱሪ ዱሪ» ይከፈታል፣ ድሮ ድሮ እንደማለት። ከተረቱ በፊት ወይም በኋላ እንቆቅልሽ ይመጣል፦ «እንቆቅልህ»፣ «ምን አውቅልህ»። መልሱ የጠፋበት ልጅ አገር ይሰጣል፤ ጠያቂውም «እዚያ አገር ገብቼ ምን አጥቼ» እያለ የተሰጠውን ያሞጋግስና መልሱን ይናገራል። ልጆች አዲስ አበባን ያለ ምንም ቅሬታ ይሰጣሉ፤ ጎንደርንም፣ ጅማንም። ሐረርን በቀላሉ የሚሰጥ የሐረር ልጅ ግን እስካሁን አላጋጠመኝም።

የአማርኛ ተረት ዋና ተዋናይ አያ ጅቦ ነው። ሆዳም ነው፣ ቂል ነው፣ ሁልጊዜ በጦጢት ወይም በቀበሮ ይታለላል። በሌላው አገር ልጅ ጅብን የሚያውቀው በተረቱና «ዝም በል፣ ጅብ ይመጣል» በሚለው ማስፈራሪያ ነው። ሐረር ላይ ይህ ማስፈራሪያ ብዙም አይሠራም፤ ጅቡ በእርግጥም ይመጣልና። በ16ኛው ክፍለ ዘመን የሐረሩ ገዥ አሚር ኑር ያሠሩት፣ አሮጌውን ከተማ የሚከብበው የጁገል ግንብ ከአምስቱ ጥንታዊ በሮች ሌላ ጅብ የሚሾልክባቸው ቀዳዳዎች አሉት። ሲመሽ እንስሶቹ በጠባቦቹ መተላለፊያዎች ገብተው የቀኑን ጥራጊ ይለቃቅማሉ። ከግንቡ ውጭ ደግሞ ጅብ የሚያበሉ ሰዎች አሉ፤ ከእነሱ በዓለም የታወቁት ዩሱፍ ሙሜ ናቸው፣ ሥራውንም ልጃቸው አባስ ተረክቦታል። ሥጋ በአጭር እንጨት ላይ ተጠቅልሎ፣ እንጨቱ በጥርስ ተይዞ ለጅብ ሲቀርብ ያየ የአራት ዓመት ልጅ «ጅብ ይበላሃል» ቢሉት የሚመልሰው ጥያቄ ነው፦ «የትኛው?»

ስሙም ያስገርማል። በሐረሪ ወራባ፣ በኦሮምኛ ወራቤሳ፣ በሶማሊኛ ወራቤ ይባላል፤ በዚህ አካባቢ ለብቻው የቀረው የአማርኛው ጅብ ነው። ከተማዋ ስለ ራሷና ስለ ወራባ የምትተርከው ተረትም አላት። በረሃብ ዘመን ጅቦች ሰው መብላት ሲጀምሩ አውሊያዎቹ፣ ማለትም የከተማዋ ቅዱሳን ሰዎች፣ በሐኪም ተራራ ተሰብስበው ገንፎ ሊያበሏቸው ተስማሙ ይባላል። ዛሬም በአሹራ ሌሊት፣ የሙስሊሞች ወር ሙሐረም በገባ በ10ኛው ቀን፣ ቅቤ የፈሰሰበት ገንፎ ይቀርብላቸዋል፤ አበላላቸው እየታየም የሚመጣው ዓመት ይገመታል። አያት ይህን በነደባው ላይ፣ ማለትም በሐረሪ ቤት ቀይ በተቀባው ከፍ ያለ መደብ ላይ ተቀምጣ ስታወራ፣ የታሪኩ ሌላኛው ወገን ውጭ ሲያላዝን ይሰማል። እንዲህ ያለ አጃቢ ያለው ተረት የትም አላውቅም።

ድሬዳዋ ሌላ ናት። ከጅቡቲ የተነሳው ባቡር በ1895 ዓ.ም. ሲደርስ የተቆረቆረች፣ ከሐረር 55 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ዝቅ ብላ ሙቀት ውስጥ የተቀመጠች ከተማ ናት። ሙቀቱ የልጅን መኝታ ሰዓት ያዘገያል፤ ክፍሉ እስኪበርድ ድረስ በረንዳ ላይ ወይም ግቢ ውስጥ ምንጣፍ ይነጠፋል፣ ተረቱም እዚያው ይነገራል። ግቢው የጋራ ከሆነ የጎረቤት ልጅ ሳይጠራ ይደመራል፤ የሚሰማው ተረትም የእናቱ ቋንቋ ላይሆን ይችላል። ጆሮዋ ረጅም የሆነችውን ሰው በላዋን ሴት ዴግዴርን ከሶማሊ ጎረቤት የሰማ አማርኛ ተናጋሪ ልጅ ጥቂት አይደለም። ይህች ሴት ከአያ ጅቦ ይልቅ ታስፈራለች፤ ለመኝታ ሰዓት የምትመከር አይመስለኝም፣ ልጆች ግን እሷኑ ይጠይቃሉ።

ሁለቱንም ከተሞች አንድ ያደረገ ተራች ቢኖር አባባ ተስፋዬ ናቸው። ተስፋዬ ሳህሉ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን የልጆች ፕሮግራም ላይ ከ40 ዓመት በላይ ተረት ሲያወሩ ኖረው በሐምሌ 2009 ዓ.ም. አርፈዋል። ብዙ የዛሬ ወላጆች የሚያነቡት በእሳቸው ድምፅ ነው፤ «ልጆች» የሚለውን ቃል እንዴት እንደሚስቡት ማዳመጥ ይበቃል።

መጽሐፉ ሲመጣ አዲስ ነገር አመጣ፦ አቅጣጫ። የአማርኛ መጽሐፍ በግዕዝ ፊደል ነው፣ የኦሮምኛና የሶማሊኛው በላቲን፤ ሁለቱም ከግራ ወደ ቀኝ ይነበባሉ። ቁርአን ግን ከቀኝ ይጀምራል። ሐረር ውስጥ የአረብኛ ንባብ ብቻ የተማረች አያት የተረት መጽሐፍ ተሰጥቷት ከመጨረሻው ገጽ ስትከፍተው አይቻለሁ። ልጁ «አኮ (አያቴ)፣ በዚህ በኩል ነው» ብሎ ገለበጠላት። እሷ ግን አልተቸገረችም፤ ሥዕሎቹን እያየች የራሷን ተረት ነገረችው፣ ከመጽሐፉ ይሻላል ብሏታል።

ሥዕሉ ራሱ ሌላ ጉዳይ ነው። የእህቴ ልጅ ሦስት ዓመት ሆኗት ሳነብላት «ጅብ» በሚለው ገጽ ላይ ቆመች። «ይሄ ውሻ ነው» አለች። እውነቷን ነው፤ ሠዓሊው ጀርባው ቀጥ ያለ፣ ነጠብጣብ የሌለው እንስሳ ነው የሳለው። የሐረር ጅብ ዥጉርጉር ነው፣ ከኋላው ዝቅ ይላል። ከዚያ ማታ በኋላ ያንን ገጽ የምናነበው «ውሻው አያ ጅቦ» እያልን ነው።

ለሕጻናት ከተወለዱበት ጊዜ ጀምሮ እንዲነበብላቸው የአሜሪካ የሕጻናት ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2014 መክሯል። ጨቅላ ታሪኩን ባይከተልም ድምፁን፣ የቃሉን ምትና የሚያነብለትን ሰው ፊት ይከተላል። በእኛም አገር ነገሩ አሳሳቢ ነው፦ በ2002 ዓ.ም. ሐረሪን ጨምሮ በስድስት ቋንቋዎች የተካሄደ የንባብ ፈተና፣ ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ከመቶ 34ቱ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ እንዳልቻሉ አሳይቷል። ይህን የሰማ ወላጅ ቢደነግጥ አይፈረድበትም። ችግሩ ድንጋጤው አልጋው ላይ ሲወጣ ነው። «ይቺ ምንድን ናት? ሀ ናት ለ?» እየተባለ 231ዱ ፊደላት በመኝታ ሰዓት ከተጠየቁ፣ ልጁ መጽሐፍ ሲያይ መሸሽ ይጀምራል። ፊደሉ ቀን ይደርሳል። ማታ የሚሻለው ጥያቄ «አሁን ጦጢት ምን የምታደርግ ይመስልሃል?» የሚለው ነው። ባለሙያዎች ውይይታዊ ንባብ የሚሉት ይህንኑ ነው፤ አዋቂው እየጠየቀ ቀስ በቀስ ተራኪነቱን ለልጁ ይለቅለታል። «የላም በረት» እያሉ ላደጉ ሰዎች ይህ አዲስ ዘዴ አይደለም።

ልጅ አንዱን መጽሐፍ በተከታታይ ማታ ሊያስደግም ይችላል። አንባቢው ቢሰለችም ልጁ አይሰለችም፤ የሚመጣውን ማወቁ ነው ደስታው። አንድ ዐረፍተ ነገር ቢዘሉበት ወዲያው ይይዛል፣ ዓይኑ ተጨፍኖም ቢሆን።

መብራት ሲጠፋ ደግሞ መጽሐፉ ይዘጋል። አንድ ቤት ውስጥ እናትየው «ጅቡም በሩ ላይ ደርሶ...» ላይ እንዳለች ጨለመ። አያትየው ከጓዳ ሆና ከዚያው ቀጠለችው፣ በኦሮምኛ፤ ጅቡ ወራቤሳ ሆነ፣ በሩም የጁገል በር ሆነ። ልጁ ለውጡን ተቃወመ ወይም አልተቃወመም ለማወቅ አልተቻለም፤ ተኝቷል።