ዳታ ኢንጂነር ምንድን ነው?

«ፓይተን ትንሽ ከቻልክ የስፓርክና የኤርፍሎው ኮርስ ውሰድ፤ በቃ፣ ዳታ ኢንጂነር ነህ» የሚል ምክር በዝቷል። (ፓይተን የፕሮግራም ቋንቋ ነው፤ ስፓርክ ዳታን በብዙ ማሽኖች አከፋፍሎ ያሰላል፣ ኤርፍሎው ሥራዎችን በሰዓታቸው ያስነሳል።) ሙያውን ዳታ ሳይንቲስት እስኪኮን ድረስ መቆያ የሚያደርጉትም አሉ። ሁለቱም ሥራውን ስተውታል። ዳታ ኢንጂነር የሶፍትዌር መሐንዲስ ነው፤ ምርቱ ሌሎች አምነው የሚወስኑበት ሠንጠረዥ ነው።

ከውሃ መስመር ጋር ማመሳሰሉ የተለመደ ነው፤ ዳታ ሳይንቲስቱ ውሃውን ይመረምራል፣ ዳታ ኢንጂነሩ ከምንጩ ያደርሳል። እስከዚህ ድረስ ልክ ነው። ነገር ግን የውሃ ቧንቧ ሲፈነዳ መሬቱ ይረጥባል፣ ሁሉም ያያል። የዳታ መስመር ሲበላሽ ግን ብዙ ጊዜ ፍሰቱ አይቋረጥም፣ የሚፈሰው ቁጥር ነው የሚሳሳተው። ውሃ ሁለት ጊዜ ቢላክ ይተርፋል እንጂ አይጎዳም፤ ሁለት ጊዜ የተመዘገበ ክፍያ ግን ያልነበረ ገቢ ነው።

የሙያው እምብርት ስለዚህ ድጋሚ ማስኬድ ነው። 10,000 ረድፍ የሚያስገባ ፕሮግራም 6,000ውን ጽፎ ወደቀ እንበል። ሲነሳ ከመጀመሪያው ጀምሮ የሚደርብ ከሆነ 16,000 ረድፍ ይገኛል፣ ማንም የስህተት መልእክት አያይም። መድኃኒቱ የዚያን ቀን ረድፎች በሙሉ ሰርዞ እንደገና መጻፍ ነው፣ ስረዛውም ጽሕፈቱም በአንድ ትራንዛክሽን (ወይ ሁሉም ይጸናል፣ ወይ ምንም አይጸናም)። አለዚያም እያንዳንዱን ረድፍ በሚለይ፣ በማይደገም ቁልፍ ያለውን ማደስ፣ የሌለውን መጨመር። ቀኑም ከኮምፒውተሩ ሰዓት አይወሰድም፤ ለፕሮግራሙ ከውጭ ይሰጠዋል። ይህ ካልሆነ የማክሰኞው ሥራ ዓርብ ሲደገም የዓርብን ዳታ ይዞ ይመጣል።

«ይህንን እኮ ኤርፍሎው ይሠራዋል» የሚል አስተያየት አለ። አይሠራውም! ኤርፍሎው የወደቀውን ሥራ መልሶ ያስነሳል እንጂ ውስጡ ያለውን ኮድ አያርምም። ድጋሚን የማይችል ኮድ በራሱ እየተነሳ ረድፍ ሲያባዛ ያድራል።

ትምህርቱ ከዚህ ይነሳል። ማፕሪዱስ የተባለው፣ ብዙ ዳታን በብዙ ማሽኖች የማስላት ዘዴ እ.ኤ.አ. በ2004 ይፋ ሆነ፤ ዛሬ በቀጥታ የሚጽፈው ጥቂት ነው። የኮምፒውተር ሳይንቲስቱ ኤድጋር ኮድ እ.ኤ.አ. በ1970 ያቀረበው፣ ዳታን በሠንጠረዥ የሚያደራጀው የሪሌሽናል ሞዴል ግን አሁንም የየዕለት ሥራችን ነው። ስለዚህ ቅድሚያ ለሠንጠረዥ መጠየቂያው ቋንቋ ለኤስኪውኤል፣ በጥልቀት፦ ቁልፉ በሁለቱም ወገን የሚደጋገም ከሆነ ሁለት ሠንጠረዥ የሚያጣምረው ጆይን ረድፍ ያባዛል፤ በዝርዝር ውስጥ የሌለውን በሚፈልገው በ«ኖት ኢን» ዝርዝር ውስጥ አንድ ናል (ባዶ ዋጋ) ከገባ ኩዌሪው፣ ማለትም ጥያቄው፣ ምንም ረድፍ አይመልስም። ቀጥሎ ትራንዛክሽን፣ ኢንዴክስ (ፍለጋን የሚያፋጥን ማውጫ)፣ ጊት (የኮድ ለውጥ መመዝገቢያ)፣ የኮድ ፍተሻ። (ገንዘብን በፍሎት፣ ማለትም በተቀራራቢ የአስርዮሽ ቁጥር፣ ማስቀመጥ ደግሞ ከወዲሁ ይቅር፤ ሳንቲሙ ይዛነፋል።) ስፓርክ የሚመጣው ዳታው ከአንድ ማሽን አቅም ሲያልፍ ነው፣ ብዙ ጊዜም አያልፍም።

ለሥራ ማመልከቻ የሚሆን ፕሮጀክት የሚሠራ ሰው ያንኑ ቀን ሁለት ጊዜ ያስኪደው፤ የረድፉ ብዛትና የገንዘቡ ድምር አንድ መሆን አለባቸው። ከዚያ መሃል ላይ ያቋርጠውና ደግሞ ያስነሳው። በመጨረሻ ከምንጩ የአንድ ዓምድ ስም ይለውጥ፤ ፕሮግራሙ ዓምዱን በናል ሞልቶ ዝም ካለ ገና አላለቀም፣ ጮኾ መቆም አለበት።